ለሁሉም ንገሪልኝ

ምስጢር በመጠበቅ እኔን የሚያህል የለም እል ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ያደግሁት አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ከደጋ የመጣ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። በዚያ ግቢ የባልና ሚስት ጠብ ከቁርስ በፊት ተጀምሮ ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርሳል። ስለዚህ ሥነ ልቦና ስማር፣ ባለጉዳይ የነገረኝን ለማንም እንዳልናገር የተነገረኝ ቀን፣ ሙያዬ ይኸው ነው አልኩ።

ሰመራ ተመድቤ፣ ሰርዶ አካባቢ ባለ መጠለያ ከኤርትራ የተሰደዱ አፋሮችን የአእምሮ ጤና መመዘን ስጀምርም በዚሁ ቃል ነበር የምከፍተው፦ «የምትነግሪኝ ሁሉ ከዚህ ክፍል አይወጣም።» እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የምለው። ያምርብኛል ብዬም አስብ ነበር።

አንድ ቀን የመጠለያው ነርስ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ላከችልኝ። እህል አትቀምስም፣ እንቅልፍም የላትም ተብላ ነው። ቃሌን ተናገርኩ፤ ሚሌ ተወልዳ ያደገችው አፋር ተርጓሚዬ አደረሰችላት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ለጠየቅኋት ሁሉ መልሷ አንድ ሆነ። እንቅልፍሽ? ሰላም ነው። ምግብስ? አልሐምዱሊላህ። የሚያስጨንቅሽ ነገር? የለም። ጉንጯ ገብቶ አጥንቷ ይታየኛል፤ እኔ ግን ያመንኩት የሞላሁትን ቅጽ ነው። ድጋፍ አያስፈልጋትም ብዬ ፈረምኩ።

ወደ ሰመራ ስንመለስ ተርጓሚዬ፣ «እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ አፏን የዘጋሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ምን አድርጌ?»

«ከዚህ አይወጣም አልሻት። ካልወጣ ምን ብላ ትነግርሻለች? እኛ ዘንድ ወሬ የሚነገረው እንዲሄድ ነው።»

ዳጉን፣ የአፋርን የወሬ ቅብብል፣ ባላውቅ ይፈረድልኝ ነበር። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ፣ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ፣ ለይቶ ይነግራል፤ የተቀበለውም ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። መጨመርም መቀነስም ነውር ነው። አዋሽ ሆኜ ስንቴ ሰምቻለሁ። ግን የዝናብና የግጦሽ ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኛ ደገኞች «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንኮራለን፤ ይቺን ሴት ሆዷ እየፈጃት እኔ በር እየዘጋሁባት ነበር። በራሴ ተናደድኩ። ሹፌሩን አዙር አልኩት።

ከመኖሪያዋ ደጅ ተቀምጠን፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ እኔ የመንገዱን ወሬ ሰጠሁ። ከዚያ፣ «ቅድም ያልኩትን ተይው። የምትነግሪኝን ለማን ላድርስልሽ?» አልኳት።

«ለሁሉም ንገሪልኝ» አለች። «ባሌ እስኪሰማ።»

ባሏ ቀድሟት ድንበር ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ ሄዷል፤ የት እንዳለ አታውቅም። እሷ ሦስት ልጆች ይዛ ተከተለችው። ትንሿ ልጅ በሦስተኛው ቀን በሐሩሩ በረሃ መንገድ ላይ ሞተች፤ እናቷ በድንጋይ ከልላ ቀበረቻት።

«እሱ ይኼን አልሰማም» አለች። «ልብስ ቢገዛ ለሦስት ነው የሚገዛው። ይኼን እያሰብኩ እህል እንዴት ይውረድልኝ?»

አለቀስኩ። ባለሙያ ባለጉዳይ ፊት አያለቅስም ይባላል፤ ይበሉ። ከቅጹ ግርጌ «ለማን እንዲነገር ይፈቅዳሉ?» የሚል መስመር አለ፤ ለዓመታት «ለማንም አይነገር» ስል የኖርኩበት። «ለሁሉም» ብዬ ጻፍኩና አስፈረምኳት። አለቃዬ አይቶት አብደሻል ወይ አለኝ። «ምስጢሩ የእሷ እንጂ የእኔ አይደለም» አልኩት።

ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ወደ አዋሽ ስሄድ፣ ሚሌ ምሳ ቤት ለተቀመጡ አፋሮች፣ ገዋኔ ደግሞ ለከብት ነጋዴዎች ወሬውን ሰጠሁ። የማን ሚስት፣ ከየትኛው ጎሳ፣ ልጅቷ የት እንደቀረች፣ ተርጓሚዬ እንዳስጠናችኝ አንድ ቃል ሳልጨምር። አፋርኛዬ እንደ ድሮው ባቡር ነው፤ ይንቀራፈፋል እንጂ ይደርሳል። ገዋኔ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ።

«አይተሽ ነው ሰምተሽ?»

«ከእናትየዋ አፍ ሰምቼ።»

«እንግዲያ ይሄዳል» አሉ።

በየሳምንቱ እየሄድኩ ከሴትዮዋ ጋር እቀመጥ ነበር። ወሬው የት እንደደረሰ ትጠይቀኛለች፤ የማውቀውን እነግራታለሁ። ጥቂት ጥቂት መብላት ጀመረች። እንቅልፏም እየተመለሰ ነበር፤ እንባ ግን አይቼባት አላውቅም።

በአምስተኛው ሳምንት ተርጓሚዬ ከሚሌ መልስ ይዛ መጣች። ባልየው በሕይወት አለ፤ ሰምቷል፤ ይመጣል። እስኪመጣ ግን አንድ ጥያቄ ልኳል። ሄደን ቃል በቃል አደረስንላት፦ «ውሃ ጠጥታ ነበር ወይ?»

ሴትዮዋ ሁለቱን ልጆቿን ወደ ጉያዋ ሳበቻቸው።

«የመጨረሻዋን ውሃ የጠጣችው እሷ ናት» አለች። «እኔም አልቀመስኩ፣ እነዚህም አልቀመሱ። እንዲህ በሉት።»

ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ከዚህ አይወጣም» የሚለው የድሮ ቃሌ ከአፌ አልወጣም። ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሷን ሚሌ አደረስን።