ለሚካኤል በኬክ ቤቱ

ምግብ ቤት ገብቼ ሳልጣላ የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም። የልጅ ልጄ ይህን ለሰው እያወራች ትስቃለች። እኔ ለጠብ ብዬ አልሄድም፤ ጠቡን የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

አንድ የገበያ ቀን ቢቸና ውስጥ ሽሮ አዝዘን ተቀምጠናል። አጠገባችን አንድ ገበሬ፣ ከእኛም ቀድሞ የገባ፣ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ይጠብቃል። ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡና ገና ወንበር ስበው ሳይደላደሉ ጥብሳቸው እየጨሰ መጣ። አስተናጋጇን ጠራኋት።

“ይኸ ሰውዬ አይታይሽም?”

“የእናንተ እየደረሰ ነው፣ እማማ።”

“የእኔን መች ጠየቅሁሽ? የእሱን ነው።”

“እነሱ ቸኩለው ነው።”

“እሱስ? ሊያድር ነው የመጣው?”

ገበሬው አፍሮ፣ “ይተዉት እትዬ፣ እኔ አልቸኩልም” አለ።

“አንተ ዝም በል፤ ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ለተራው ነው” አልሁት።

ኮት ከለበሱት አንደኛው ሳቀና ገበሬውን ወደ ትሪያቸው ጠራው። ሦስቱ አብረው በሉ። የልጅ ልጄ ግን ሻሿን ዓይኗ ድረስ ስባ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ይህ ጠባይ ከእናቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ነው። ሁለት ሴት ልጆች ነበርን። እናታችን አንድ ዳቦ ስትሰጠን አንዳችን እንድትቆርስ፣ ሌላዋ እንድትመርጥ ታደርግ ነበር። የቆረሰችው ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ትልቁን ቁራሽ አተኩራ በማየት እህቷን እንዳታሳፍር። “አንሺ” ትላለች፤ ሌላዋ ታነሳለች። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ መልካችን ግን አንድ ነው። ከሩቅ ያየን ሰው እሷን በእኔ ስም፣ እኔን በእሷ ስም ይጠራ ነበር።

እናታችን ስትሞት የብር የአንገት መስቀሏ ቀረ። መስቀል አይቆረስም። “አንድ ዓመት አንቺ፣ አንድ ዓመት እኔ እንድረገው፣ በተራ” አልኋት። እህቴ፣ “ታላቅ እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ እኔ” አለች። እሺ አልሁ። ዓመቱ ሞላ፤ አልሰጠችኝም። ሁለት ሞላ፤ አልሰጠችኝም። እሷ ሞጣ፣ እኔ ቢቸና፤ እግሬን ከቤቷ አነሳሁ። ሰባት ዓመት ሳንነጋገር ኖርን። ስልክ ቁጥሯን እንኳ ከስልኬ አስጠፋሁት።

የልጅ ልጄ ሞጣ ቢሮ ተቀጥራ ስትሄድ ነገሩን ልታበርደው ተነሳች። ጭንቋ የት እናገናኛቸው የሚለው ነበር። እኔ እህቴ ቤት አልበላም፤ ከበላሁ ታረቅሁ ማለት ነው። እሷም እኔ ቤት አትበላም። በመጨረሻ፣ “ኬክ ቤት ትገናኛላችሁ፤ የማንም ቤት አይደለም” አለችኝ በስልክ።

“ኬክ ምን ያደርግልናል? ጥርስ የለን።”

“ኬክ ጥርስ አይፈልግም፣ እምዬ። ለሚካኤል ይምጡ። ለእሳቸውም ለሚካኤል ብያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል።”

ጥቅምት ገና መግባቱ ነበር። መንገዱ ክፍት በሆነ ሳምንት፣ በጥቅምት ሚካኤል ጠዋት፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ።

ኬክ ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። በስተግራ ኬኮቹ በብርሃን የሚታዩበት የመስታወት ማቀዝቀዣ፣ ከጀርባው ባንኮኒ አለ። የውስጠኛው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ እኔ ግን ይህን አላወቅሁም ነበር። አርባ የሞላት የምትመስል ባለቤቲቱ ራሷ ታስተናግዳለች። ሰው እንደምጠብቅ ነገርኋትና ሁለት ሹካ አመጣችልኝ። አንድ ክሬም ያለበት ኬክ አዘዝሁ። አንድ ያዘዝሁት ሆን ብዬ ነው፤ እኔ ልቆርሰው፣ እሷ ልትመርጥ።

ብዙ ቆየሁ። ቀና ስል ከክፍሉ ማዶ አንዲት ነጠላ የለበሰች አሮጊት ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተቀምጣለች። እህቴ ናት። ከሌላ በር ገብታ ዝም ብላ ስታየኝ የቆየች መሰለኝ። ሰባት ዓመት እንዴት እንዳስረጃት አየሁ። ብድግ አልሁ። እሷም ብድግ አለች። እጄን ወደ አንገቴ ስወስድ እጇን ወደ አንገቷ ወሰደች። አንገቷ ላይ መስቀል የለም።

“መስታወት ነው፣ እማማ” አለች ባለቤቲቱ ከኋላዬ። “ብዙ ሰው ይሳሳታል።”

እንዳፈርሁ ተቀመጥሁ። እህቴ አልመጣችም። ኬኩን ብቻዬን በላሁት፤ ምግብ ትቼ አልነሳም። የልጅ ልጄ ከቢሮ ስትመጣ፣ “ልደውልላቸው፣ ምናልባት” ብላ ጀመረች።

“ስሟን እንዳታነሺ! ቆጥሬ ቀኑን ጠብቄ የመጣሁት እኔ፣ የቀረችው እሷ። ከእንግዲህ በእኔ የሚፈረድ የለም።”

የልጅ ልጄ ፈራችኝና ተወችው። በሳምንቱ ደግሞ ቢሮዋ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ላካት።

እህቴ በኅዳር ሞተች። የጽዮን ማርያም ማግስት ተቀበረች። ሄጃለሁ፤ አልቅሻለሁ። ልቤ ግን አልለሰለሰም። በአርባዋ ልጇ ወደ ጥግ ወስዶ፣ “የአያቴ መስቀል እርስዎ ጋ ይሆን? ቤቱን ሁሉ ፈትሸን አጣነው” ብሎ ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። “ሰባት ዓመት ከአንገቷ ያላወረደችውን እኔን ትጠይቀኛለህ?” ብዬው ቢቸና ገባሁ።

በጥምቀት የልጅ ልጄ እሷ ዘንድ እንድውል ለመነችኝና ሞጣ ሄድሁ። በማግስቱ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን ነው። ከሰው ጋር ወጣሁ፤ ግፊያው ሲበረታብኝ ግን የልጅ ልጄን፣ “አንቺ ሸኝ፣ እኔ ጥላ ፈልጌ ልቀመጥ” ብያት ዞር አልሁ። ኬክ ቤቱ እመጣለሁ ብዬ አላሰብሁም። እግሬ ነው የወሰደኝ።

ውስጥ አንድም ሰው የለም። እልልታው ከውጭ ይሰማል፤ በሩን ስዘጋው ግን ውኃ ውስጥ እንደ ገባሁ ያህል ታፈነ። ባለቤቲቱ ከባንኮኒው ቀና አለችና ፈገግ አለች።

“እንኳን አደረሰዎ፣ እማማ። እንደ ቀድሞው አንድ ኬክ፣ ሁለት ሹካ?”

“አስታወስሽኝ?”

“እንዴት አላስታውስ! ዛሬስ ይበሉታል? ያን ቀን ሳይነኩት ሄዱ።”

“ማን? እኔ? እኔ እንኳ ጨርሼ ነው የሄድሁ።”

“መጀመሪያውንስ ጨርሰዋል። በኋላ ሲመጡ ነው እንጂ። ከሁለት ቆርሰው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ብዙ ቆዩ። አሞዎት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር።”

ወንበሩን ያዝሁ። በእኛ አነጋገር ትልቅ ሰው ሲከበር አንዱ እንደ ብዙ ይቆጠራል። “መጡ” ሲባል ፊት ለፊት ያለሁት እኔ ልሁን፣ የሌለችው እሷ ትሁን፣ ቃሉ አይለይም። ሴትዮዋ ግን የምታየው እኔን ነው። እኔን ነው የምትለው።

“መቼ ነው ይኸ?”

“ለሚካኤል ነዋ።”

“የየትኛው ወር ሚካኤል?”

“የኅዳሩ ነዋ፣ ትልቁ። ለሚካኤል ሲባል ሌላ ምን አለ?”

ያኔ ገባኝ። የልጅ ልጄ በጥቅምት መባቻ “ለሚካኤል” ስትል እኔ የቀረበውን የወሩን በዓል ያዝሁ። እህቴ ደግሞ የዓመቱን፣ ኅዳር ሚካኤልን ያዘች። በሰማንያ ዓመቷ ለሚካኤል ተቀጣጥረናል ተብላ ማን የጥቅምቱን ያስባል? ባለ ብልሃቷ እኔ፣ ቀን ቆጣሪዋ እኔ፣ ተሳስቼ ቀድሜ መጣሁ፤ እሷ በቀኗ መጣች። ቀሪዋ እኔ ነበርሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈረድሁባት በእኔው ጥፋት ነው።

ሴትዮዋ ወሬዋን ቀጥላለች። “የታኅሣሡ ዕለት እንኳ ጾም ነው ብለው ምንም አልቀመሱም። የጾም ኬክ አለ ብዬ ለምኜዎት ነበር።”

“የታኅሣሡ?”

“ኧረ እማማ፣ ረሱት እንዴ? እዚያው ወንበርዎ ላይ ሆነው፣ ‘ትመጣለች’ አሉኝኮ።”

በታኅሣሥ ሚካኤል እህቴ ከተቀበረች ሃያ ቀን ሆኗታል። እኔ ያን ዕለት ቢቸና ከቤቴ አልወጣሁም። ሴትዮዋ ቀን ተምታቶባት ይሆናል ብያለሁ፤ ዛሬም እንዲያ እላለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ወደ መስታወቱ ለማየት አንገቴ አልታዘዘኝም።

መሳቢያዋን ሳበችና በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። “ይኸን ረስተው ሄዱ። መምጣትዎ አይቀርም ብዬ አስቀመጥሁት።”

ሶፍቱን ፈታሁት። የእናቴ መስቀል ነው። ከታች በኩል አንደኛው ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ በልጅነታችን ነክሰነው፤ የማን ጥርስ እንደሆነ እህቴ እስክትሞት አልተስማማንም።

“ይኸ የእኔ አይደለም” አልኋት።

“አንገትዎ ላይ አይቼው የለም እንዴ!”

“የእኔን አንገት አላየሽም።”

“ታዲያ የማንን ነው ያየሁት?” ብላ ሳቀች። ሳቋን አቋርጣ ፊቴን አየችና ውኃ ልታመጣልኝ ሄደች።

ልመልሰው አሰብሁ። ለልጇ ልስጠው አሰብሁ፤ ነገር ግን እህቴ ልታስረክበኝ ይዛው እንደ መጣች ግልጽ ነበር። ተራዬን ልትሰጠኝ ነው የመጣች። አደረግሁት። ቀዝቅዞ አንገቴ ላይ አረፈ፤ ቢቸና እስክደርስም አልሞቀም።

ልጇ ዘንድ ደውዬ መስቀሉ እኔ ጋ መሆኑን፣ እንዴት እንዳገኘሁትም፣ ቀኑን የተሳሳትሁትም እኔ መሆኔን ነገርሁት። ለሰፈሩ ሁሉ፣ “እህቴ ቀረችብኝ” ብዬ አውርቼ ስለነበር አንድ በአንድ እየሄድሁ፣ “የቀረሁት እኔ ነኝ” አልኋቸው። አንዳንዶቹ፣ “ምን ያደርጋል አሁን፣ ሙታለች” አሉኝ። የሞተ ሰው ላይ በሐሰት ተፈርዶ ይቅር እንዴ?

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ። ተራ ብዬ ሰባት ዓመት የጮህሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት እሷ፣ አንድ ዓመት እኔ ብያለሁ። እስክትሞት ድረስ አላልሁም።

በዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ለማንም ሳልናገር ሞጣ ሄድሁ። የልጅ ልጄ ካወቀች ጸበል ትወስደኛለች። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። አንድ ኬክ፣ ሁለት ሹካ። ኬኩን ከሁለት ቆረስሁት። መስቀሉን ከአንገቴ አውልቄ በሶፍት ጠቀለልሁና ከማዶ፣ ከባዶው ወንበር ፊት አኖርሁት። ዓይኔን ጨፈንሁ።

“አንሺ” አልሁ።

አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ደገምሁ። የወንበር ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት ነገር ቢኖር ሶፍት ሲፈታ የሚያሰማውን ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው፤ እሱም ከባንኮኒው ሊሆን ይችላል።

ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱም ቁራሽ እንዳሉ ናቸው። ከማዶ የተፈታው ሶፍት ብቻ ተዘርግቷል። ከጠረጴዛው ሥር አየሁ። ቀሚሴን አራገፍሁ። አንገቴን ዳበስሁ። ከዚያ ባለቤቲቱን ጠራኋት።

“እዚህ ያኖርሁትን አላየሽም?”

ሁለት ኩባያ ይዛ ስታልፍ፣ ዞር ሳትል፣ “ወሰዱት እኮ፣ እማማ” አለችኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኋትም። የእኔን ቁራሽ በላሁ። ሌላውን አልነካሁትም። ተራዋ ነበር።