እናቴ በበርበራ ባሕር ዳር

ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ዓሣ ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር ልጅነቴ ይመጣብኛል።

አንድ ጊዜ እናቴ ተወልዳ ያደገችባትን የወደብ ከተማ፣ በርበራን፣ ልታሳየኝ ለአንድ አዳር ወሰደችኝ። አሮጌዎቹን የድንጋይ ቤቶች አልፈን ባሕሩ ዳር ደረስን። ቤት ውስጥ ጮክ ብላ እንኳ የማትስቀው እናቴ ጫማዋን ወርውራ ከነድሪያ ቀሚሷ ውኃው ውስጥ ገባች።

"ሆዮ፣ እማዬ፣ ሰው ያይሻል!" አልኳት በሐፍረት።

"ይየኝ! እዚህ እኮ የማንም እናት አይደለሁም!" አለችኝ።

ውኃው ጫፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። "እኔስ?"

"አንቺማ ጓደኛዬ ነሽ፤ ነይ ግቢ!" ብላ በውኃ አራሰችኝ። እስኪመሽ ተራጨን።

አባባሏ የገባኝ እኔም እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። በቀደም ዕለት "ሆዮ፣ በርበራ ደርሰን እንምጣ?" አልኳት። ወዲያው ተነሥታ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች።