ሰው ጥራ

መናኸሪያው አካባቢ ስለ ዝናሽ ብትጠይቁ፣ ደብረ ታቦር እንደ እሷ ያለ ቁጡ አላበቀለችም ይሏችኋል። አልዋሹም። ጌም ቤቷ ውስጥ ጆተኒውን በእርግጫ የመታ ጎረምሳ ጆሮው ተቆንጥጦ ነው የሚወጣው። ከኩዌት ይዛ የመጣችው ሀብት ቢኖር ይኸው ቁጣዋና አንድ ሐሳብ ነው። እዚያ ስታጸዳው በኖረችው የገበያ አዳራሽ ሁለት ሁለት ሰው ቆሞ የሚፋለምበት የጨዋታ ማሽን ነበር፤ እሱን ባየች ቁጥር "የእኛ የቡሄ ጅራፍ ለምን አይሆንም?" ትል ነበር።

ሐሳቡን ማሽን ያደረገው እጮኛዋ ዋልልኝ ነው። ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ከቁም ሣጥን ጣውላ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥን፣ ከተጣለ ኮምፒውተርና ከድምፅ ማጉያ ሠራውና ከፊቱ ሁለት የጅራፍ እጀታ ተከለበት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ እጀታውን ይይዛል፤ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጎረምሶች ጅራፍ ያዞራሉ፤ ጊዜውን ጠብቆ ቀድሞ የሳበ ያጮኸዋል። ጩኸቱ የእውነት ነው፤ ዋልልኝ ጉና ሥር የተወለደበት ሜዳ ላይ ራሱ እያጮኸ በስልኩ ቀድቶታል። አንድ ሰው ብቻውን ከያዘው ግን ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። "ሰው ጥራ!" ይላል በዋልልኝ ድምፅ፣ ስክሪኑም ላይ ያንኑ ይጽፋል። ብቻውን ጅራፍ የሚጋረፍ የት አገር አለ?

ሌላ እንደሱ ያለ የለም። ለቡሄ በጌም ቤቱ በር ላይ ለሕዝብ ሊወጣ ነበር። ዋልልኝ ግን በዓሉ ሳይደርስ ከአንበሳሜ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። ዝናሽ ማሽኑን ነጠላ አለበሰችው። አንዳንድ ጊዜ ደንበኛ ሲጠፋ ነጠላውን ገልጣ አንዱን እጀታ ትይዛለች። ድምፁን ለመስማት ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም።

ዓመቱ ዞሮ ቡሄ ሲቃረብ ዘንድሮስ አወጣዋለሁ ብላ ቆረጠች። ከማውጣቷ በፊት ግን ከራሷ ሰው ጋር መሞከር ፈለገች። ታላቅ ወንድሟን ይሻውን ለመነች። ይሻው እህል ነጋዴ ነው፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነውና "አያ" እና "አንቱ" ሳትል ጠርታው አታውቅም።

"አያ ይሻው፣ ይምጡና አንዴ ይጫወቱልኝ።"

"እኔ የልጆች አባት እጀታ ጨብጬ መሳቂያ ልሁን? ተይኝ እባክሽ።"

በዚህ መሀል ሐሙሲት ያለች አክስታቸው ዐረፈችና ዝናሽ ለቅሶ ሄደች። ቁልፉን ለይሻው ሰጠችው። ስትመለስ ማሽኑ የነበረበት ጥግ ተጠርጎ ነጠላው ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ክው አለች።

"አያ፣ ማሽኑስ?"

"ተበላሽቶ የለም እንዴ! ማንም ሳያየኝ ልሞክረው ብዬ ብይዘው ሰው ጥራ፣ ሰው ጥራ እያለ አደረቀኝ። ምን ላድርግ? ጠራሁ።"

"ማንን ጠሩ?"

"ጠጋኙ እንደሁ ሞቷል። ቁራሌው በደጅ ሲያልፍ እሱን ጠራሁት።"

ዝናሽ እሳት ጎረሰች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እስኪያይ ጮኸች።

"ይሻው! አንተ! ሰው ጥራ ሲልህ እኔ ሰው አልነበርኩም? ሁለት ሰው ነው የሚጫወተው! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን አጠገቤ ቆመህ ቢሆን ታውቀው ነበር! ከሰው ፊት አፍረህ፣ ተደብቀህ ነካክተህ፣ የዋልልኝን ድምፅ ለቁራሌ ሰጠህ?"

ይሻውን ከዘለፋው ሁሉ ያቺ "አንተ" ሳትጎዳው አልቀረችም። ትጉዳው! ዝናሽ ጋቢውን ጨምድዳ ይዛ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የቁራሌው ግቢ እየጎተተች ወሰደችው።

ማሽኑ በዛገ ቆርቆሮ መሀል በጎኑ ተጋድሟል። ቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ቀዳዳው ባዶውን ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩና ድምፅ ማጉያው ግን አልተነኩም። ቁራሌው "ሌላውን ነገ ልፈታው ነበር" ቢልም ዓይኗን ሲያይ የኤሌክትሪክ ገመድ ራሱ ዘረጋላት። አቆሙት። ሰካችውና ቀኙን እጀታ ያዘች።

"ሰው ጥራ!" አለ ዋልልኝ።

ዝናሽ እጀታውን ሳትለቅ ወደ ይሻው ዞረች።

"ና ያዝ።"

"ምኑን አይቼ? ስክሪን የለውም እኮ።"

"ያዝ አልኩህ!"

ይሻው ቁራሌውን ሰረቅ አድርጎ አየና ጋቢውን ወደ ትከሻው ጥሎ ግራውን ያዘ። ከባዶው ቀዳዳ ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ ተሰማ፤ ጅራፍ ሲዞር ተሰማ። ዝናሽ ሳበች። ጅራፉ ጮኸና ግቢውን አናጋው። ይሻው ደንግጦ ለቀቀ።

"ሰው ጥራ!" አለ ዋልልኝ ወዲያው።

"አሸነፍሽኝ?" አለ ይሻው በቀስታ።

አሁንም አያ ሳትለው፣ "ይሻው፣ አትልቀቅ እንጂ!" ብላ ጮኸችበት።

ይሻው በሁለት እጁ ያዘ።