እግር ያለው ፔርሙስ

እስቲ ይህን ጠረጴዛ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ሥዕል ባዶ ነው። በሁለተኛው ወንድሜ ዓይኑን እያሸ ከአልጋ ይነሳል። በሦስተኛው ሻይ የሞላ ፔርሙስ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል፤ አጠገቡም የተተኮሰ ሸሚዝ። ማን አመጣቸው? ማንም። በወንድሜ ቤት ፔርሙስ እግር አለው።

ታናሽ ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነው። የሰውን ሰዓት በሰከንድ ያስተካክላል፤ የራሱን ሱቅ ግን አንድ ቀን በሰዓቱ ከፍቶ አያውቅም። ከሥራ መልስ በስልክ የሚከፈት የሥዕል ታሪክ ይሠራል፦ በጣታችሁ ስትነኩት ሥዕሉ ይቀየራል፤ አንዳንዴም «ልነሳ» ወይስ «ትንሽ ልተኛ» ብሎ ያስመርጣችኋል። ርዕሱ «የእኔ ጠዋት» ነው። አርባ ሥዕል፣ የስምንት ወር ልፋት። ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለሰው ሊያሳየው ቀጠሮ ይዟል።

መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። የአውቶቡስ ሾፌር ናት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሪ ትይዛለች። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አርባውንም አየችው። ስልኩን መለሰችለትና፣ «ቤታችሁ ያምራል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቤታችሁ! እሱ ምስጋና መስሎት ፈገግ አለ። እኔ ግን ግድግዳ ተጋርቼው የምኖር ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ዝም ማለትም አልፈጠረብኝም።

«አንተ ጉደኛ፣ ከቤቷ እኮ አስወጣሃት!»

«የት አስወጣኋት፣ እትዬ?»

«ከአርባው ሥዕል በየትኛው አለች? ድመቷ እንኳ ሦስት ጊዜ አለች!»

ስልኩን እየነካካ ፈለጋት። ጆሮው ቀላ። «እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምሥለው» አለ ቀስ ብሎ። «ስነሳ እሷ ሄዳለች።»

ይበልጥ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብሯት ኖሮ አንድ ጠዋቷን አላየም።

«እንግዲያው ተነስተህ እያት!»

ሦስት የደወል ሰዓት ለአሥራ አንድ ሰዓት ሞልቶ ተኛ። ረቡዕ ሦስቱም ጮኹ። እኔ በግድግዳ በኩል ነቃሁ፤ ድመቷም ነቃች፤ እሱ እቴ! ሚስቱ አንድ በአንድ አጥፍታ ሄደች። ሐሙስም ያው። ከሰዓት ሱቁ ብሄድ ስልኩ ላይ «ልነሳ» የሚለውን ይነካል። «ጣትህስ ጎበዝ ናት» አልኩት።

የቀረው ዓርብ ብቻ ነበር። ሐሙስ ማታ ፍራሹን አውርዶ ማዕድ ቤቱ በር ላይ አነጠፈ፤ ሳትረግጠው እንዳታልፍ።

ረገጠችው።

«ውይ! ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ሥራሽን ሥሪ፤ እያየሁሽ ነው።»

«ምን ልታይ?»

«ጠዋት።»

«እንግዲያው ጠዋቱን ዞር ብለህ እይ፤ ረፈደብኝ!»

ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሣለ። ውሃው እስኪፈላ ሸሚዙን ስትተኩስ፤ ፔርሙሱን እስከ አፉ ስትሞላ፤ የተረፈውን ግማሽ ብርጭቆ ቆማ፣ በአንድ እጇ ቁልፏን እየፈለገች ስትጠጣ። ቀን ሱቁን ዘግቶ ሁሉንም በአንድ አርባ አንደኛ ሥዕል አድርጎ ጨረሰ፤ ሰዓታቸውን ለመውሰድ የመጡ ደንበኞች በሩ ላይ ሰደቡት።

ማታ ስልኩን ሰጣት። እኔም እንዳጋጣሚ ስኳር ልበደር ገብቼ ነበር።

«አፍንጫዬን ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያስረዘምከው?»

«ከታች ሆኜ ነዋ ያየሁሽ።»

ደጋግማ አየችው። «ማዕድ ቤታችን ለካ ይህን ያህል ጠባብ ነው» አለች።

ማዕድ ቤታችን አለች። ስኳሬን ይዤ ወጣሁ። እኔስ ብሆን፣ እሁድ እሁድ ከዚያ ፔርሙስ ስቀዳ ማን ሞላው ብዬ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?

ቅዳሜ ስትመጡ አርባ አንደኛውን ሥዕል በጣታችሁ አትዝለሉብን። ደግሞ እባካችሁ፣ ነገ አንድ ቀን እንኳ ከፔርሙሳችሁ ቀድማችሁ ተነሱ።