ማንኪያ የምትፈራው ልጄ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የቡራዩ ጭቃ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ልጅ ያሳደገች ሴት ሁሉ የራሷ የድንጋጤ ቀን አላት። የእኔው በድንጋጤ ጀምሮ በእፎይታ ስላለቀ፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር ሳላስበው በረጅሙ እተነፍሳለሁ። አሁን ከእኔ ጋር የሚመሳሰል ጭንቀት ያለባት እናት ልታነበው ትችላለች ብዬ ጻፍኩት።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ጉለሌ ነው። ባለቤቴ ገመቹ ደግሞ የሱሉልታ ልጅ ነው። ስንጋባ ቡራዩ ቤት ተከራይተን ገባን። እሱ እዚያው አቅራቢያችን በርና መስኮት ይበይዳል፤ እኔ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ በአንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ እቀበላለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ቦንቱ ናት።

ቦንቱ ከተወለደች ጀምሮ የጠባችውን ትመልስ ነበር። ሕፃን ማቅረሸቱ ያለ ነው፤ የእሷ ግን ከቅርሻት ያለፈ ነው። ገና ከትከሻዬ ሳላወርዳት ወተቱ በአፏም በአፍንጫዋም ይመጣል። ከዚያ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ ታለቅሳለች። አንሶላው፣ ነጠላዬ፣ የገመቹ የሥራ ቱታ ሳይቀር የረጋ ወተት ይሸታል። ሰው ቤት ስሄድ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ቅያሪ ልብስ እይዝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወስደናት ሐኪሟ መረመረቻትና ሪፍለክስ ነው አለችን። የጨጓራዋ አፍ ገና በደንብ ስላልጠነከረ የገባው ወደ ላይ ይመለሳል፤ ክብደቷ እስከጨመረ ድረስ አትጨነቁ፣ እያደገች ስትሄድ ይተዋታል አለችን። ካጠባኋት በኋላ ቀጥ አድርጌ እንድይዛት መከረችኝ። እንዳለችውም እያደረግን ቆየን።

ዋናው ጣጣ የመጣው ምግብ የምትጀምርበት ጊዜ ሲደርስ ነው። የመጀመሪያዋን ስስ ገንፎ በትንሽ ማንኪያ ጫፍ አቀመስኳት። ምላሷን እንደነካት ፊቷ ቀላ፣ አፏን ከፍታ ምላሷን አውጥታ ትተናነቅ ጀመር። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ገንፎውን ብቻ ሳይሆን ቀድማ የጠባችውን ጡት ሁሉ አወጣችው። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ሙዝ ፈጭቼ ሞከርኩ፣ አጥሚት አቀጠንኩ፣ ለውጥ የለም። እየቆየ ማንኪያ ስታይ ገና ከሩቅ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ታዞር ጀመር። እኔም ማንኪያውን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ገመቹ ደግሞ እሷ ስትበላ ማየት ስላልቻለ ሰበብ ፈልጎ ወደ ውጭ ይወጣል።

የወሊድ ፈቃዴም ያለ ደመወዝ ያስጨመርኩትም ጊዜ አልቆ ሥራ ስመለስ፣ አማቴ ልጅቷን ሊይዙልን ከሱሉልታ መጡ። ደግ ሴት ናቸው። ቦንቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። ነገር ግን ልጅ ምግብ እንቢ አለ የሚባል ነገር አይገባቸውም። እሳቸው ልጆቻቸውን ሁሉ በእጃቸው ግተው ነው ያሳደጉት። "ካልተጋተች በምን ትጠነክራለች?" ይሉኛል። እኔ ሐኪሟ በግድ አታብሏት ብላለች ስላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከልባቸው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቦንቱን በጭናቸው አጋድመው፣ አጥሚቱን በመዳፋቸው እየጨለፉ ሲግቷት ደረስኩ። ልጅቷ እየጮኸች ሳለ ትን አላት። አጥሚቱ በአፍንጫዋ ወጣ፤ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ዙሪያ ጠቆረ። ነጥቄ ወደ ፊት ደፋኋትና ሳለች፣ ከዚያም አለቀሰች።

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሮጥ አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ከልጅቷ በላይ ያለቅሱ ነበር። ሐኪሟ ሳንባዋን አዳመጠችና ደህና ናት አለችን። ከዚያ ከኋላ የደረሰውን ገመቹን ጨምራ ሦስታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። ተኝታ በግድ የተጋተች ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ በራሷ ፍላጎት ነው መብላት ያለባት። ስትተናነቅ የምታሰማው ድምፅ ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ ጉሮሮዋ ራሱን ሲጠብቅ ነው። "ድምፅ ካላት፣ ካሳለች፣ ካለቀሰች ጠብቋት" አለች። "ድምፅ ሲጠፋ ነው ፈጥናችሁ የምትደርሱላት።" እንዴት ደፍተን ጀርባዋን እንደምንመታም አሳየችን።

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል የሚለው ጭንቅላቴ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያ የሚባል ነገር ወደ ልጄ አላስጠጋም አልኩ። አማቴም ተቀይመው ይሁን አፍረው ባላውቅም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሱሉልታ ተመለሱ። አንዲት ጎረቤቴ ልጅቷን ያዘችልኝ፤ እኔም ወተቴን እያለብኩ አስቀምጥላት ነበር። ቦንቱ ግን እያደገች ነው፤ ጡት ብቻ እንደማይበቃት እኔም አውቃለሁ። ክብደቷም እንደ ድሮው መጨመሩን ተወ። ሐኪሟ እንደገና ማስጀመር አለብሽ ስትለኝ እሺ ብዬ እወጣለሁ፣ ቤት ስደርስ ግን አልችልም።

በዚህ መሃል የገመቹ ታናሽ ወንድም ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ሱሉልታ ጠራን። እኔ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ልጅቷ መጠየቁ አይቀርም፤ ከአማቴም ጋር ፊት ለፊት መተያየቱ ከብዶኛል። ገመቹ ግን "እናቴ ናት፣ እስከ መቼ?" አለኝ። ተነሳን። አዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዘን እንጦጦን ስንወጣ ቦንቱ እንደ ልማዷ ኮቴ ላይ መለሰችብኝ። ሱሉልታ ስንደርስ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ድንኳኑን ሊነቅለው ይታገለው ነበር።

አማቴ በር ላይ ተቀበሉን። ቦንቱን ሳሟት፣ እኔንም ሳሙኝ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም ከሴቶቹ ጋር እንጀራ ማጠፍ ጀመርኩ። ቦንቱን ገመቹ ታቅፏት ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ ገመቹን የመጠጥ ሳጥን እንዲያግዝ ጠሩት። እሱም አጠገቡ ለተቀመጡት ሽማግሌ ልጅቷን አስታቅፏቸው ሄደ። ኦቦ ቱሉ ይባላሉ፤ የአማቶቼ የሩቅ ጎረቤት ናቸው፤ እኔ አይቻቸው አላውቅም። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ብዙም አያይም። ጥርሳቸውም አልቋል። ለእንግዳው ሁሉ ሥጋ ሲቀርብ ለእሳቸው የድንች አልጫ ነው የተሰጣቸው፤ ድንቹን በጣታቸው እያደቀቁ ይበሉ ነበር።

እኔ እንጀራ ይዤ ወደ ድንኳኑ ስገባ ያን የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ቦንቱ እየተናነቀች ነው። ቀና ስል ኦቦ ቱሉ ጭን ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየኋት። አገጯ ላይ ድንች አለ። እጇም ድንች ብቻ ነው።

እንጀራውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። በሰው መሃል እየተጋፋሁ ስሮጥ አንድ እጅ ክንዴን ጨብጦ አቆመኝ። አማቴ ናቸው። ከኦቦ ቱሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያዩ ነበር።

"ተይ ልጄ" አሉኝ። "ድምፅ አላት። ሐኪሟ ምን አለች? ድምፅ ካላት ጠብቋት አላለችም? እኔም እየጠበቅኩ ነው።"

ራሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነስተው ነበር። የጨበጡት ለእኔ ብቻ ብለው እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ ራሳቸውም እንዳይሮጡ ነው።

ሁለታችንም ቆመን አየን። ቦንቱ አንዴ ጎንበስ ብላ ድንቹን በምላሷ ወደ ፊት ገፋችውና አገጯ ላይ ጣለችው። ኦቦ ቱሉ ፊቷን ስለማያዩ አልደነገጡም። መተናነቋንም ያው የሕፃን ድምፅ መስሏቸው ይሁን ወይም የድንኳኑ ጫጫታ ውጦባቸው፣ "ሱታ ሱታ" እያሉ ጀርባዋን ደገፍ አድርገው የራሳቸውን ድንች ማድቀቅ ቀጠሉ። ቀስ ቀስ ማለታቸው ነው። ማንም አልጮኸባትም፣ ማንም አልነጠቃትም።

ቦንቱ ትንሽ አሰብ አደረገች። ከዚያ እጇን ሳህናቸው ውስጥ ከታ የደቀቀውን ድንች ዘገነችና ወደ አፏ ወሰደችው። አላመጠች ለማለት ይከብዳል፤ በድዷ አሸት አሸት አድርጋ ዋጠችው። ስትውጥ አየሁ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ እንደገና ዘገነች።

አማቴ ክንዴን ለቀው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሳጥን ተሸክሞ የመጣው ገመቹ እኛን ሲያይ ክፉ ነገር የደረሰ መስሎት ሳጥኑን ጥሎት ነበር።

"ምን ሆነች?" አለ።

"እየበላች ነው" አልኩት።

ኦቦ ቱሉ ድምፄን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ። እናትየዋ መሆኔን ሲነግሯቸው ደንገጥ አሉ። "ይቅርታ ልጄ፣ እኔ አላበላኋትም። ሳህኔ እየቀለለ ሲሄድ ነው ሌላ እጅ እንዳለበት ያወቅኩት" አሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። እጃቸውን ስሜ "ገለቶማ አባባ" አልኳቸው። ለምን እንደማመሰግናቸው ግን በጊዜው አልገባቸውም።

ማምሻውን ስንመለስ መለሰች፤ ግን ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ውስጧ ቀርቷል። አማቴም አብረውን መጡ። መንገድ ላይ ስለዚያ የጋቷት ቀን ራሳቸው አነሱ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሕልማቸው እየመጣ እንደሚያስጨንቃቸው፣ የሐኪሟንም ቃል እንዳይረሱት ሥራ ሲሠሩ ሁሉ በልባቸው ይሉት እንደነበር ነገሩኝ። እኔም ልጄን ከእሳቸው የከለከልኩት ጠልቻቸው ሳይሆን ፈርቼ መሆኑን ነገርኳቸው። "ፍርሃት ያልያዘው ማን አለ ብለሽ ነው" አሉኝና ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ ጀንበር ተስተካከለ ብል ውሸት ይሆናል። ሐኪሟ የሆነውን ስትሰማ ተደሰተች። ልጅቷ ማንኪያውን ብቻ ሳይሆን የእኛንም ፊት ሳትፈራ እንዳልቀረች ነገረችን። ከዚያ ለስላሳ የበሰለ ነገር፣ ትንሽ በትንሽ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በእጇ እንድትበላ ተውናት። ወለሉም ግድግዳውም ዱባ በዱባ ሆነ። አንዳንድ ቀን ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን ሁሉን ትመልሰዋለች። አማቴ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ምሳ ይበላሉ፤ ስትተናነቅ ጉርሻቸውን እንደያዙ ድምፅዋን ያዳምጣሉ፣ ሲያልፍላት ይጎርሳሉ። መራመድ ስትጀምር ማስመለሱ እየቀነሰ ሄዶ አሁን ከስንት አንዴ ነው።

በፋሲካ ሱሉልታ ስንሄድ ኦቦ ቱሉን ቤታቸው ድረስ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "እንግዲህ አለማየትም አንዳንዴ ደግ ነው" ብለው ሳቁ። ቦንቱን አምጪያት ብለው ጉንጯን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ሞልቷል ሲሉኝ በኩራት ፊቴ በራ።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ነበርን። ቦንቱ ፍርፍሩን ከአቅሟ በላይ ጎረሰችና ተናነቃት። ሳል ሳል ብላ ትንሽ አወጣች፣ ውኃ ጠጣች፣ ቀጠለች። እኔ ነገሩ ትዝ ያለኝ ሳህኖቹን ሳነሳ ነው። ቀና ብዬ አይቻት ድምፅዋን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ግን ወሬዬንም እራቴንም ሳላቋርጥ በልቼ ጨርሻለሁ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ሳህኖቹን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ቆሜ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።