ጨረቃን የያዘው ጠፍር

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ሰው ይሸቱ ነበር። ሽታቸውን ዛሬም አውቀዋለሁ፤ የረጠበ ፀጉር፣ የተቀጠቀጠ የእንቧይ ፍሬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሰንብቶ ያበጠ ቆዳ። አያ ፈንታ ይባላሉ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንደራችን በታች፣ ወንዙ ዳር ለብቻዋ በተቀለሰች ጎጆ ይኖሩ ነበር። ቆዳ ይፍቃሉ፣ ከቆዳው ማሰሪያ ጠፍር ይልጋሉ፣ መጫኛ ይገምዳሉ። ገብሱ ሲያሽት ደግሞ ከገደሉ እየወጣ ማሳ የሚጨርሰው ጭላዳ ዝንጀሮ የሚባረርበትን ወንጭፍ ለአገሩ ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ።

አገሩ የእጃቸውን ሥራ ይፈልጋል፤ እጃቸውን ግን አይጨብጥም። ወንጭፍ ሊገዛ የመጣ ሰው ከደጅ ቆሞ «አንተ ፈንታ!» ብሎ ይጠራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ያቀረቡለትን ውሃም አይቀምስም። እናቴ እንኳ እኔ «እሳቸው» ስል ሰምታ፣ «ፋቂ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆነ?» ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን አመሻሽ ላይ ከአንድ ሁለት የሰፈር ልጆች ጋር እየሾለክሁ እሄድ ነበር፤ በዚያች በምትሸት ጎጆ የሚነገረው ተረት በሌላ ቤት አይነገርምና።

ያኔ ላምባ እንደ ልብ ስለማይገኝ ኩራዙ ቶሎ አይበራም ነበር፤ እሳቸው በምድጃው ፍም ብርሃን ብቻ ቆዳውን በጉልበታቸው ይዘው እየፋቁ፣ ጭሱ እያስለቀሰን፣ የሚላገው ሞራና ጅማት እግራችን ሥር እየወደቀ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡና ሳይጥሉ ያወሩልን ነበር። እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ጆሮዬን እከፍታለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው የጨረቃዋን ተረት ነው። ጨረቃ ስትፈጠር መዞር አታውቅም ነበር አሉ። የምታውቀው ወደ ፊት መሄድ ብቻ ነው። «ሂጂ» ብትባል ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሄዳም ልትጠፋ ሆነ። ሌሊቱ ጨለማ እንዳይቀር አንጥረኛ ተጠርቶ በሰንሰለት አሰራት፤ ጎትታ በጠሰችው። ሸማኔ ተጠርቶ በጥጥ ገመድ አሰራት፤ ጤዛ አበሰበሰው። በመጨረሻ ማንም ግባ ያላለው፣ ከደጅ ቆሞ የነበረ አንድ ፋቂ «እስቲ እኔ ልሞክር» አለ። ዓይን የማያየው ቀጭን ጠፍር ልጎ አሰራት። ይኸው እሷ እስከ ዛሬ ወደ ፊት ልሂድ ትላለች፣ ጠፍሩ ወደ ምድር ይስባታል፣ በሁለቱ መካከል ስትዞር ትኖራለች።

«የፋቂው ስም ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ስሙንማ ማን ጠይቆት» አሉ፣ ከቆዳው ቀና ሳይሉ።

የጎረቤታችን ልጅ አትጠገብ ግን ክርክር የማይሰለቻት ነበረች። «አያ፣ ጠፍሩ ቢበጠስ እኮ ዝም ብላ ትዞራለች። ለምዳዋለቻ!» አለች።

«ነገ በቀን ነይና የለመደ ድንጋይ አሳይሻለሁ» አሏት።

በማግስቱ ገብሱ ከታጨደበት ማሳ ላይ ቆመው ወንጭፉን ከራሳቸው በላይ አዞሩት። ጠፍሩ እንደ ንብ አጉረመረመ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ለቀቁት። ድንጋዩ ግማሽ ዙር እንኳ አልዞረም፤ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ በቃርሚያው ላይ በረረ። «አየሽ? ክቡ የድንጋዩ ጠባይ አይደለም፤ የጠፍሩ ነው» አሏት። አትጠገብ «እንግዲያ ድንጋዩ ሰነፍ ነው» ብላ አፏን አሞጠሞጠች፤ እሳቸውም እስኪያስላቸው ሳቁ።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ዋሴ ይባል ነበር። ደባርቅ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ገብቶ፣ አዲስ ካኪና አዲስ ቆብ ለብሶ፣ አፉን በማናውቃቸው ቃላት ሞልቶ ተመለሰ። አባቴ የቄስ ትምህርት ስለ ነበረው የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፤ ጓድ ዋሴ የሚናገረውን እሱ ይጽፋል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከወንዙ ዳር ባለው መስክ ስብሰባ ተጠራ።

«ለልጆቻችን ጨረቃን ፋቂ አሰራት እያለ አጉል እምነት የሚዘራ ሰው በመካከላችን አለ!» አለ ጓድ ዋሴ። ከዚያ ሰውን በሙያው መስደብ በአዋጅ መከልከሉ ትዝ ብሎት፣ «ፋቂ… ማለቴ፣ የእጅ ባለሙያ» ብሎ አረመ። ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

አያ ፈንታ ከዳር ተነሡ። «እሺ ጌታዬ፤ እንግዲያ ምን ያዛት?»

«ጌታ የሚባል የለም! ጓድ በለኝ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ጓድ። ምን ያዛት?»

ጓድ ዋሴ ወደ አባቴ ዞር አለ፤ አባቴ መዝገቡን አገላበጠ። «ሳይንስ!» አለ ጓድ ዋሴ በመጨረሻ። «ሳይንስ ነው የያዛት!»

«እሱስ በምን አሰራት?» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ መስኩ በሳቅ ተናወጠ።

አያ ፈንታ ወደ ጉድጓዳቸው ወረዱና አፉ ሰፊ በሆነ፣ በጠፍር በተንጠለጠለ ቅል ፀጉር የሚያረግፈውን የቆዳ መዘፍዘፊያ ውሃ ቀድተው መጡ። አረፋ ይዟል፤ ፀጉር ይንሳፈፍበታል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እሳቸው ጠፍሩን ይዘው ቅሉን ከጉልበታቸው እስከ ራሳቸው በላይ፣ እንደገና ወደ ታች አዞሩት። የፊተኞቹ አጎነበሱ። አንድ ጠብታ አልወደቀም። «አፉ ወደ ምድር ተደፍቶም አይፈስም። የሚያዞረው እጅ ካልፈራ አይፈስም» አሉ።

«ይኼ ደግሞ ምን ሙያ አለው! አምጣ!» ብሎ ጓድ ዋሴ ተቀበላቸው። ሲያነሣው በኃይል ነበር። ቅሉ ከራሱ በላይ ሲደርስ ግን አዲሱ ቆቡ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ክንዱ ሰነፈ። ያ ሁሉ ግም ውሃ ወረደበት። ቆቡ ላይ፣ አንገትጌው ውስጥ፣ ከንፈሩ ላይ። የበግ ፀጉር ከቅንድቡ ተንጠለጠለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የራስዎም ፀጉር ሳይረግፍ ቶሎ ይታጠቡ እንጂ!» አለች አንዲት ሴት።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያልሳቁት አያ ፈንታ ብቻ ነበሩ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ሊጠርጉለት ቀረቡ። «እጅህን አንሣ፣ አንተ ፋቂ!» አላቸው። ይህን ጊዜ አላረመውም።

እስከዚህ ያለውን ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ። ደባርቅ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ካረፈ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። የተጋባን ሰሞን ነግሬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ሰውዬው ልክ ናቸው፤ ጠፍሩን ስበት በይው እንጂ» አለኝ። «ውሃውማ ይወድቃል፤ ነገር ግን ቅሉ እየቀደመ ከሥር ስለሚቀበለው መውደቂያ አያገኝም። ጨረቃም ዘወትር ወደ እኛ ትወድቃለች፤ ወደ ጎን ስለምትሮጥ ግን ሳታገኘን ታልፋለች።» ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይህን ትምህርት የሚጀምረው በፋቂው ተረት ነበር። «ከዚያስ ምን ሆኑ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ሰፈራ ሄዱ» አልሁት። የቀረውን አልነገርሁትም።

የቀረው ይኼ ነው። ድርቁ መጣ፤ ከየማኅበሩ ይህን ያህል ሰው ወደ መተከል ለሰፈራ ይሂድ ተባለ። የሄደ ተመልሶ ስላልታየ ማንም ስሙ እንዲጻፍ አይወድም። አንድ ምሽት ጓድ ዋሴ ቤታችን ተቀምጦ ስም ይጠራል፤ አባቴ በኩራዙ ብርሃን ይጽፋል።

«አንድ ጎደለ» አለ ጓድ ዋሴ። «ፈንታን ጻፈው።»

«ሽማግሌ ነው እኮ፤ ብርቱ ገበሬ አልነበር የተባለው?»

«መሬት የለው፣ ዘመድ የለው። ማን ይጠይቅሃል? ወይስ የራስህን ስም ትጽፋለህ?»

አባቴ ጻፈ። ጓድ ዋሴ ሲወጣ እናቴ «ተመስገን» አለች፤ ያንን «ተመስገን» ባሰብሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ምራቄን መትፋት ያምረኛል። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትንፍሽ እንዳትይ» አለኝ።

ሰፋሪዎቹን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ አራት ቀን ነበረው። አያ ፈንታ በየዳ በሚባለው አገር የእኅት ልጅ ነበራቸው፤ አንድ ቃል ብነግራቸው በሌሊት ተነሥተው ይሄዱ ነበር። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ሄድሁና ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥሁ። ተረት ጀመሩ፤ ምን እንደ ነበር አልሰማሁም።

«ዛሬስ ምን ዋጠሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ይሸታል» አልሁ።

ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሌላ ቃል አልጠፋም ነበር፤ እኔ ግን ያንን መረጥሁ። እሳቸው መፋቂያቸውን አስቀመጡ። «አዎ፣ ይሸታል» ብለው ተነሥተው ነፋስ እንዲገባልኝ በሩን ከፈቱ። እኔም በተከፈተው በር ወጥቼ ሄድሁ።

የወሰዷቸው በጠዋት ነው። «መፋቂያዬን ላምጣ» ቢሉ ታጣቂው «እዚያ ይሰጥሃል» አላቸው። ያ በሳቅ የተናወጠው ሕዝብ መንገድ ዳር ቆሞ ተመለከተ። የመኪናው አቧራ ሳይበርድ ግን፣ ዕድሜውን ሙሉ ያችን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ገባ። ወንጭፉን፣ መጫኛውን፣ ያልደረቀውን ቆዳ ሳይቀር ተከፋፈሉት። እርስ በርስ ተዘላለፉበት። አባቴም ለአልጋ የሚሆን ለስላሳ የላም ቁርበት በትከሻው ይዞ መጣ፤ እናቴ በደንብ አራግፋ መደቤ ላይ አነጠፈችልኝ።

ባለቤቴ በታመመበት ወራት ብዙ ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሰውን ስጠላ ኖሬአለሁ፤ ጓድ ዋሴን፣ መዝገቡን፣ ያን ደጃፍ የተጋፋውን ሕዝብ። እሱም «ሆደ ባሻ ነሽ» ይለኝ ነበር። ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ግን ሌላ እንደ ሆነ ሳያውቅ አረፈ። እሳቸው በተወሰዱበት ሌሊት በዚያ ቁርበት ላይ ተኛሁ። ብርድ ነበር፣ እሱም ሞቀኝ። አላለቀስሁም፤ ሕልም እንኳ አላየሁም። ፀሐይ ወጥታ እናቴ እስክትቀሰቅሰኝ ድረስ እንቅልፌን ለጠጥሁ።