ከመጽሐፉ የወጣው ምዕራፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለው ቢሯችን፣ የኒውክሌር ቦምብ ለተሞከረባቸው ደሴቶች ነዋሪዎች የጤናና የትምህርት ፕሮግራም እናቅድ ነበር። አለቃችን ደሴቶቹን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ቦምቡንም በስሙ አይጠራውም፤ የሰፈር ጎርፍ ይመስል «ክስተቱ» ይለዋል።

አንድ ቀን ከደሴቶቹ አንዲት አዛውንት መምህርት መጡና ለተማሪዎቻቸው ያዘጋጀነውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ አዩት። ውስጡ ያለው እጅ መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ስፖርት መሥራት ብቻ ነው።

«ልጆቹ የሚጠይቁኝ ሌላ ነው» አሉ። «በአያቶቻችን ደሴት ላይ የሚበቅለውን ኮኮናት ለምን አንበላም ይሉኛል። መልሱ የት ገጽ ላይ ነው?»

አለቃችን ያንን የሚያቅለሸልሸኝን ፈገግታውን አሳያቸው። «ልጆችን ማስፈራራት አንፈልግም» አለ።

«ቦምቡ መሬቱ ላይ ስለተወው ጨረር አንድ ምዕራፍ ጽፌ ነበር» አልኩ እኔ። «ከመጽሐፉ ያወጣው እሱ ነው።»

 አለቃችን ሰዓቱን አየና ምሳ እንሂድ አለን።

ከሰዓት በኋላ መምህርቷን በአቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ወዳለው ሆቴላቸው በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ከመውረዳቸው በፊት «ያወጣውን ምዕራፍ ስጪኝ» አሉኝ። እዚያው የሆቴሉ በር ላይ መኪናውን አቁሜ በስልኬ ኢሜይል አደረግኩላቸው።

መጽሐፉ ያለ ምዕራፉ ታተመ። አለቃችን ለዚሁ ሥራው ሲሸለም ቢሮው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ኬኩ እስኪቆረስ እንኳ አልቆየሁም። በዚያው ሳምንት መምህርቷ ምዕራፉን በቋንቋቸው ማስተማር እንደጀመሩ ጻፉልኝ። ለአለቃችን አልነገርኩም። ቢሰማ ኖሮ የራሱ ሐሳብ ነው ብሎ ሪፖርቱ ውስጥ ያስገባው ነበር።